ለመጽሐፏ ልጅ የወጣ ተዝካር

ሰው ለአባቱ ተዝካር ያወጣል፣ ለእናቱ ያወጣል፣ እጁ ከሞላ ለአማቱም ያወጣል። ከወረቀት ለተሠራች ልጅ ተዝካር ሲወጣ ያየሁት ግን እዚሁ ቡታጅራ፣ በገዛ ማኅበሬ ነው። ዳቦው ሲቆረስ ቆሜ አይቻለሁ። ጠላውን ከቀዱት አንዷም እኔ ነበርኩ። የዚያን ዕለት ድንጋጤ ይኸው ፀጉሬ ነጥቶም አልለቀቀኝም።

ነገሩ የአደይ ነገር ስለሆነ ከአደይ ልጀምር።

አደይ በርበሬ ነጋዴ ነበረች። ከሶዶ በኩል ለኃይሌ ተድራ መጣች፤ ገና ሙሽራ ሳለች የማረቆን በርበሬ በጆንያ እየገዛች፣ እያሰጣች፣ እየቀነጠሰች ለአዲስ አበባ ነጋዴዎች ማስረከብ ጀመረች። አማርኛዋ የእናቷን ቋንቋ ጣዕም እስከ መጨረሻው አልለቀቀም። እኛ እንቀልድባት ነበር፣ እሷም አብራን ትስቅ ነበር። እጇ ከበርበሬ ስለማይለይ ዓይኗን በእጇ መንካት አታውቅም። ትንኝ ቢገባባት እንኳ በክንዷ ነበር የምታሸው። ለቅሶ ቤት እኛ ፊታችንን በመዳፋችን ይዘን ስንነፋረቅ፣ እሷ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ዝም ብላ ትቀመጣለች። ከዚህ የተነሣ ሰው «አደይ እንባ የላትም» ይል ነበር። እኔም ብያለሁ፤ ምላሴ መቼ ያርፋል።

ብርነሽ የምትባል አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻት። ረጅም፣ ዓይነ አፋር፣ ትምህርቷን የምትወድ ልጅ። ኃይሌ አዲስ አበባ ሱቅ ላለው አንድ የአገሩ ሰው ሊድራት ቃል ገባ። ልጅቷ ትምህርቴን ሳልጨርስ አላገባም አለች። በዚያ ቤት ጭቅጭቅ ሆነ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ። አንድ ጠዋት ጓሯቸው ካለው የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ተገኘች። ክዳኑ ተነሥቶ፣ ነጠላዋ ተጣጥፎ ጫማዋ ላይ ተቀምጦ ነበር። አዳልጧት ነው እንዳይባል የተጣጠፈው ነጠላ መሰከረባት።

የሰፈራችን ሁሉ የንስሐ አባት የነበሩት አባ ወልደአማኑኤል፣ ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት እንደሌለ ለኃይሌ ነገሩት። ልጅቷ ያለ ጸሎት ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ተቀበረች። እድሩ ድንኳን አልተከለም፣ እኛም ለቅሶ አልተቀመጥንም። ኃይሌ ጉድጓዱን በድንጋይ ደፈነውና ስሟ በቤቱ ውስጥ እንዳይነሣ ከለከለ። አደይ በገበያው ቀን በርበሬዋን ይዛ ወጣች። መደቧ ላይ ተቀምጣ በርበሬ ስትሰፍር ሳያት ክው ብዬ ቀረሁ። ቀረብ ብዬ ምን እንደምላት ጨንቆኝ በርበሬ ገዝቼ ሄድኩ። ቤቴ ሞልቶ የተረፈ በርበሬ ነበረኝ።

ከዚያ በኋላ ዓመታት አለፉ። ስለ ብርነሽ የማያውቅ ሰው አልነበረም፣ የሚናገርም አልነበረም። ሆድ ይፍጀው ይባል የለ።

አሁን ወደ መጽሐፉ ልምጣ። በሃምሳዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። የማርያም ማኅበራችን በየወሩ በሃያ አንድ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። አባ ወልደአማኑኤል ጸሎት አድርሰው፣ ዳቦውን ባርከው፣ ጽዋውን አቅምሰውን ከሄዱ በኋላ የምንሠራው ሥራ ቢኖር ሐሜት ነበር። የማኅበሩ መሪ ሙሴ ይባላል፤ የእኛ ሙሴ እትዬ ዘርፈሽዋል ነበሩ። እሳቸው ሐሜቱ መረራቸው። ማርያምን ጠርተን ሰው እንበላለን እንዴ፣ ሌላ ነገር አምጡ አሉ።

እኔ በማታ ትምህርት ማንበብ ለምጄ ነበር። መርካቶ አሮጌ ዕቃ የሚነግደው ወንድሜ ፈቃደ ደግሞ ሽፋኑና የመጀመሪያ ቅጠሎቹ የተገነጠሉ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አምጥቶልኝ ነበር። ከፈረንጅ አገር ቋንቋ ወደ አማርኛ የተመለሰ የድሮ ታሪክ ነው። ፈረንጆቹ ከአያት እስከ ልጅ ልጅ ሲያነቡት የኖሩት ነው ብሎኛል። ማን እንደጻፈው አላውቅም፣ ስሙም ከተገነጠሉት ቅጠሎች ጋር ሄዷል። ይህንኑ ይዤ ቀረብኩ። እትዬ ዘርፈሽዋል መጀመሪያ የጠየቁኝ ሰዎቹ ክርስቲያን ናቸው ወይ ብለው ነው። በየገጹ ደወል ይደወላል አልኳቸው። ይነበብ አሉ።

እንዲህ ያለ ንባብ ግን አይቼ አላውቅም። በአባታችን ሆይ ይከፈታል። ከዚያ እኔ አነባለሁ፣ እነሱ ይፈርዳሉ። ማን ንስሐ ይግባ፣ ማን ከማን ጋር ይታረቅ፣ ለማን ሽማግሌ ይላክ፣ ሁሉም እዚያው ይወሰናል። ሲያበቃ ለመጽሐፉ ሰዎች ሁሉ ምሕረት ተለምኖ ይዘጋል። በታሪኩ ውስጥ አንድ ሀብታም ባላባት አለ። ይህ ሰው በዕለተ ዓርብ የተጠበሰ ዝይ ሲበላ ባነብላቸው ቤቱ ታመሰ። እኔ የዚያ አገር ሥርዓት ሌላ ሊሆን ይችላል ብዬ ልከራከር ብል ማን ሰምቶኝ። እትዬ ዘርፈሽዋል ንስሐ እስኪገባ ስሙ በማኅበሩ እንዳይጠራ ከለከሉ። ንስሐ ሳይገባ በመቅረቱ እስከ መጽሐፉ መጨረሻ ድረስ «ያ ሰውዬ» እያልኩ አነበብኩ። በመጀመሪያ ደንግጬ ነበር፤ በኋላ ግን ሳላስበው እኔም ተቆጣሁት።

የጎረቤቴ የሰይዶ ሚስት ሳሌሃም ትመጣ ነበር። እሷ ሙስሊም ናት፤ ጽዋው ካለፈ በኋላ መጥታ በር አጠገብ ትቀመጣለች፣ ብርዝ ይቀርብላታል። ከሁላችንም ይልቅ ታሪኩን የምታስታውሰው እሷ ነበረች። ባለፈው ወር የት እንዳቆምን ከጠፋኝ ሳሌሃን እጠይቃለሁ።

ታሪኩ የአንዲት የባለ ወፍጮ ልጅ ታሪክ ነው። ክሎቲልዳ ትባላለች። ወፍጮው በውሃ የሚዞር ነው፣ ከጀርባው ትልቅ ኩሬ አለ። አባቷ ለዚያ ሰውዬ ሊድራት ይፈልጋል፣ እሷ አትፈልግም። እናቷ ሁሉን ታያለች፣ ምንም አትናገርም። ማኅበርተኛው በዚያች እናት ላይ ያወረደውን እርግማን እኔ እዚህ አልደግመውም። ይቺ እናት ናት፣ ድንጋይ ናት፣ አፏን ምን ዘጋው ተባለ። እኔም እያነበብኩ መሐል መሐል ላይ የራሴን ጨምሬያለሁ። አደይ ጥግ ላይ ተቀምጣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትሰማ ነበር። ሰው ሁሉ ፈርዶ ሲጨርስ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረች።

«ለማን ትንገር?» አለች።

 እኔም ገጹን ገልብጬ ቀጠልኩ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ታሪኩ የማንን ቤት እንደሚመስል ልብ አላልኩም ነበር ብል ማን ያምነኛል? እውነቱ ግን ይኸው ነው። ስለ ሩቅ አገር፣ ስለ በረዶ፣ ስለ ዝይ እያነበብኩ፣ በርበሬ ከምትሸጥ ሴት ጋር የሚያገናኘው ነገር አልታየኝም። ከዚያ በፊት አንብቤ አልጨረስኩትም፤ ከእነሱ ጋር እኩል ነበር የምሄደው።

በሚቀጥለው ወር ተራው የአደይ ሆነ። ኃይሌ ለንግድ ወጥቷል። ቤቱ ተጠርጓል፣ ሳሩ ተጎዝጉዟል፣ ዳቦው የሚያምር ነው። የጓሮው በር ተከፍቶ ስለነበር ከተቀመጥኩበት ሆኜ የተደፈነው ጉድጓድ ላይ ያለው የድንጋይ ክምር ይታየኛል። አባ ባርከው ሄዱ፣ አባታችን ሆይ ተባለ፣ እኔም ካቆምኩበት ቀጠልኩ። ክሎቲልዳ ሌሊቱን አልተኛችም። ከመንጋቱ በፊት በጓሮ በር ወጣች። ወደ ኩሬው ሄደች። እዚያ ላይ ስደርስ ልቁም ብል የምቆምበት ቦታ አልነበረኝም፤ ዓይኔ ከአፌ ቀድሞ ሄዶ ቀጣዩን መስመር አይቶታል። አነበብኩት። ልጅቷ ውሃው ውስጥ ተገኘች።

 ምነው አፌን በቆረጠው አልኩ። ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል፣ ማንም ወደ አደይ ለመዞር አልደፈረም። እትዬ ዘርፈሽዋል ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው መሽቷል፣ እንነሣ፣ በቃ ይዘጋ አሉ። ፀሐይዋ ገና አናት ላይ ነበረች። መጽሐፉን ከደንኩት።

አደይ ግን «አንብቢ፣ ወይንሸት» አለችኝ።

እንዳልሰማ ሆንኩ። ደገመችው። ድምጿ ገበያ ላይ ዋጋ ስትናገር እንደምትናገረው ነው፣ አልተንቀጠቀጠም። «ቀብሯን አንብቢልኝ። ፍትሐት ተደርጎላት እንደሆን ልወቅ» አለች።

ከፈትኩትና አነበብኩ። እንዲህ ደንግጬ አላውቅም። ቄሱ እምቢ አሉ ይላል መጽሐፉ። ደወል አልተደወለላትም ይላል። ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ውጭ፣ መንገድ ዳር፣ ያለ ጸሎት ቀበሯት ይላል። እኛ ይህ ነገር የእኛ አገር ብቻ ይመስለን ነበር። ያ ሁሉ በረዶ፣ ያ ሁሉ ባሕር ማዶ፣ ነገር ግን እዚያም አጥር አለ፣ እዚያም ከአጥር ውጭ የምትጣል ልጅ አለች። አንዷ ማልቀስ ጀመረች። ከዚያ ሁሉም ተከተለ። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ለዓመታት የቆየ እንባ ነበርና ቤቱን ሞላው። ለማን እንደምናለቅስ የሁላችንም ልብ ያውቃል፣ አፋችን ግን «ወይኔ ክሎቲልዳ» ይላል። አደይ ብቻ አላለቀሰችም።

ለቅሶው በረድ ሲል አደይ እንዲህ አለች፦ ይህች ልጅ ዘመድ የላትም። አባቷ ክዷታል፣ እናቷ አፏ ተዘግቷል፣ ቄሱም ጥለዋታል። ከአገሯ ሰው የሚያስባት የለም። ማኅበራችን ተዝካር ያውጣላት።

እኔ አበደች ብዬ ደነገጥኩ። ይህ እኮ ልብ ወለድ ነው፣ ልጅቷ አልተፈጠረችም፣ አንድ ሰው ተቀምጦ ያሰባት ናት ብዬ ተነሣሁ። እንዲህ ስላቸው ደግሞ እነሱ በእኔ ደነገጡ። ያልተፈጠረች ከሆነ አሁን ያለቀስነው ለማን ነው አለችኝ አንዷ። ሌላዋ ደግሞ ስንት ወር ምሕረት ስንለምንላቸው የኖርነው ለማን ነው አለች።  በር አጠገብ ሳሌሃ ብርዟን አስቀምጣ ለሰው ዱዓ ማድረግ ማንንም ጎድቶ አያውቅም፣ ተቀባዩ ባይኖር አላህ ወደሚያስፈልገው ያደርሰዋል አለች። ክርክሩ እዚያ ላይ አለቀ።

አንድ ነገር ቀረ። ቄስ ለሙት ሲጸልይ በዓለም ስም አይጠራም፣ የክርስትና ስም ያስፈልጋል። ክሎቲልዳ ብሎ የሚጸልይ ቄስ ደግሞ በቡታጅራ ምድር አይገኝም። እንግዲህ ስም እናውጣላት ተባለ። አንዷ ወለተ ማርያም አለች፣ አንዷ አመተ ሥላሴ አለች። አደይ ወደ ማንም ዞር ሳትል «ወለተ ሐና ትሁን» አለች። እትዬ ዘርፈሽዋል በዚያች ቅጽበት ጽዋውን ለሚቀጥለው ወር ተረኛ ለእኔ ለማስረከብ ይዘውት ነበር። ጽዋው ዘንበል ብሎ ጠላው በቀሚሳቸው ላይ ፈሰሰ። አይ እርጅና ብዬ በሆዴ ሳቅሁ።

በማግስቱ አባ ወልደአማኑኤል ቤት ሦስት ሆነን ሄድን፤ እትዬ ዘርፈሽዋል፣ አደይና እኔ። እኔ የሄድኩት ነገሩ እንዲፈርስ ተስፋ አድርጌ ነው። ለቄስ ውሸት መናገር እፈራለሁ፤ ሲዋሽ ማየትም እፈራለሁ። አባ ሟቿ ማን ናት ብለው ጠየቁ። እትዬ ዘርፈሽዋል በሩቅ አገር የሞተች፣ ዘመድ የሌላት ሴት ናት አሉ። ክርስቲያን ናት ወይ ሲባሉ፣ ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው፣ ደወሉ ይሰማል ብለው መለሱ። ፊታቸው ላይ አንድም ነገር አልተነበበም። እኔ በላብ ተጠመቅሁ።

አባ በመጨረሻ የክርስትና ስሟን ጠየቁ። እትዬ ዘርፈሽዋል ወደ አደይ ዞሩ። አደይ አንገቷን ደፍታ «ወለተ ሐና» አለች።

አባ መስቀላቸውን በጣታቸው ሲያገላብጡ ቆዩ። የእሳቸውን ጠባይ የማያውቅ የለም። ሰው ሲሞት ተናዝዞ ነበር ወይ፣ ቆርቦ ነበር ወይ፣ በምን ሞተ፣ ማን አጠገቡ ነበር ሳይሉ አይለቁም። የዚያን ቀን አንድም ነገር አልጠየቁም። ለቅዳሜ አዘጋጁ ብለው ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡ። የተዘጋውን በር እያየሁ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ቅዳሜ ዳቦው፣ ንፍሮው፣ ጠላው ከየቤቱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተጓጓዘ። ነዳያን ተሰብስበዋል። ለፈረንጅ ልጅ ተዝካር ነው የሚል ወሬ በከተማው ተሰምቶ ኖሮ ሥራ ፈት ሁሉ ለማየት መጥቷል። እኔ አፍሬ ጠላ መቅዳት ጀመርኩ፤ ሥራ የያዘ ሰው አይጠየቅም ብዬ። ከዚያ አደይ መጣች።

ሳያት የያዝኩት ጣሳ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች። ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አዙራ ተከናንባለች። ልጅ የሞተባት እናት እንደምትለብሰው ማለት ነው። የብርነሽ ሐዘን ቀስቅሶባት ነው ብል እንኳ፣ ይህን ያህል ለመጽሐፍ ልጅ? ተናደድኩ። እኔ ጮክ ብዬ ሳነብ የዋልኩት ይህን ልታመጣብን ነው? ከተማው ሁሉ ይሥቅብናል ብዬ ወደ እትዬ ዘርፈሽዋል ተጠጋሁና ይህ ነገር ልክ አልፏል፣ ሂዱና ነጠላዋን እንድታስተካክል ንገሯት አልኳቸው።

እትዬ ዘርፈሽዋል ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ። ወደ ጆሮዬ ተጠግተው «ዝም በይ። ወለተ ሐና የብርነሽ ስም ነው። ክርስትና ያነሣኋት እኔ ነኝ» አሉኝ።

 እኔ ነገረኛዋ፣ የሰፈሩን ሁሉ ጉዳይ አውቃለሁ የምለው ሴት፣ የዚያችን ልጅ የክርስትና ስም አላውቅም ነበር። ከየት አውቃለሁ? የክርስትና ስም የሚያውቀው ወላጅና ክርስትና ያነሣ ነው፤ አውጥቶ የሚናገረውም የለም። አንድ ሌላ የሚያውቅ ሰው አለ ደግሞ፤ ያጠመቀው ቄስ። ይህ ትዝ ሲለኝ ወደ አባ ዞርኩ። ብርነሽን ያጠመቁት አባ ወልደአማኑኤል ናቸው። ሥርዓቱ አይፈቅድም ብለው ከአጥር ውጭ ያስቀበሯትም እሳቸው ናቸው። አሁን ደግሞ መጽሐፋቸውን ገልጠው፣ በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት ቆመዋል። ስሙ ጋ ሲደርሱ ዝም ብለው ቢያልፉትስ? ገልጠው ቢያዋርዷትስ? አደይ ዳግመኛ በዚያች ከተማ በርበሬ ሸጣ አትኖርም፣ ኃይሌም በቤቱ አያስቀምጣትም። እትዬ ዘርፈሽዋልም ይህንኑ ነበር የሚያስቡት፤ ክንዴን አልለቀቁትም።

ሌላም ነገር ነገሩኝ። ልጅቷ ከሞተች ሰባተኛ ዓመቷ ነው። በእኛ ዘንድ ለሙት የሚወጣው የመጨረሻው ተዝካር የሰባት ዓመቱ ነው፤ ይህ ካለፈ ወዲያ የሚጠበቅ ቀን የለም። አርባዋ ያለ ጸሎት አለፈ፣ ሙት ዓመቷ አለፈ። አደይ የቀራት ይህ አንድ ብቻ ነበር።

አባ እያዜሙ ስሙ ጋ ደረሱ። ቆሙ። ዲያቆኑ የጠፋባቸው መስሎት ጣቱን መጽሐፉ ላይ አደረገላቸው፤ እጁን በቀስታ አነሡት። ከዚያ ቀና ብለው አዩ። ያዩት እኛን አልነበረም። ከአጥሩ ባሻገር፣ ቁጥቋጦው በበቀለበት በኩል፣ ያለ ምልክት የተቀበረችበትን ቦታ ነበር ያዩት። ሰው ሁሉ ይጠብቃል። አደይ አንገቷን አልደፋችም፣ ፊት ለፊት ታያቸዋለች። 

«አመትከ ወለተ ሐና» አሉ አባ። ሁለት ጊዜ ነው የጠሯት፤ የመጀመሪያውን በቀስታ አሉት። ሁለተኛውን ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው፣ ውጭ ያለ ሰው እንኳ እንዲሰማ አድርገው ከፍ ባለ ድምፅ አሉት።

አደይ ሁለት እጇን አንሥታ ፊቷን በመዳፎቿ ያዘች። እጇን በአመድና በእንዶድ ስታጥብ እንዳደረች በኋላ ነው የሰማሁት። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ እንባዋ በጣቶቿ መሐል ፈሰሰ። እንባ የላትም ያልናት ሴት! ምድር ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አብረን አለቀስን። ሊሥቅ የመጣው ሥራ ፈት ሁሉ ኮፍያውን አወለቀ፤ ለምን እንደሆነ ግን አንዱም አያውቅም።

ሲያበቃ አባ መስቀላቸውን እያሳለሙ አደይ ጋ ደረሱ። እኔ ከጎኗ ነበርኩ፣ እንዳይሰማ ብለው ዝቅ አድርገው ተናገሩ፣ እኔ ግን ሰምቻለሁ።

«ማንን እንደፈታሁ ያላወቅሁ መሰለሽ?» አሏት። «ያጠመቅኋት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ አባቴ» አለች አደይ። «ስሟን የነገርኩዎ እንዲያውቁ ነው።»

ሽማግሌው ቄስ ይህን ሲሰሙ መስቀላቸውን ዘርግተው እንደያዙ ደርቀው ቀሩ።  አታለለቻቸው ብዬ ነበር የፈራሁት፤ ለካ እሳቸው እንዲሸሸጉበት የፈረንጅ ልጅ ይዛላቸው መጥታ ኖሯል። እምቢ ቢሉ ስለ መጽሐፍ ልጅ እምቢ እንዳሉ ይቆጠራል፣ እሺ ቢሉም ማንም አይጠይቃቸውም። መስቀሉን ግንባሯ ላይ አሳረፉና ብዙ ጊዜ ሳያነሡት ቆዩ። ከዚያም ወደሚቀጥለው ሰው አለፉ።

ኃይሌ ይህን ነገር መስማቱን አውቃለሁ፣ ምን እንዳላት አላውቅም። አደይም አልነገረችኝም፣ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ሳልጠይቅ ቀረሁ። በሚቀጥለው ገበያ እንደ ልማዷ በርበሬዋን ይዛ ወጣች። እኔም ከእሷ በርበሬ ገዛሁ፤ ይህን ጊዜ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሰፊ ጥላዋን ተጋርቼ አብሬያት ዋልኩ።

በሃያ አንድ ማኅበሩ በእኔ ቤት ተሰበሰበ። መጽሐፉን ለማውጣት ፈርቼ ነበር፣ ሳሌሃ ግን የት እንዳቆምን አስታወሰችኝ። አነበብኩ። የክሎቲልዳ እናት ብቻዋን ሆናለች። ባሏ አያናግራትም፣ ጎረቤት በሩን ይዘጋባታል። በየጠዋቱ ወደ ኩሬው ወርዳ ዳር ዳሩን ትዞራለች፣ የልጇን ስም የሚጠራላት ሰው የለም። ባለፈው ድንጋይ ናት ያልናትን ሴት ማንም ለመራገም አፉን አልከፈተም። ሁሉም ወደ አደይ ያይ ነበር።

አደይ ራሷን ነቀነቀች። «ምስኪን» አለች። «ማኅበር የላትም እኮ።»

ከዚያ እትዬ ዘርፈሽዋል ተነሥተው ለዚያች እናትም አባታችን ሆይ እንበል አሉ፤ ተነሥተን አልን።